ዕርቅ ሕግን ያስቀራልን?

በአገራችን ሰው ከሰው ጋራ የተጣላ እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ሽማግሌ ነው። ዳኛ የሚፈለገው ሽማግሌ ያቃተው እንደ ሆነ ነው። ይህም ልማድ መልካም ነው፤ ብዙ ቤት ከመፍረስ፥ ብዙ ደምም ከመፍሰስ አድኗልና። እኔም ይህን የምጽፈው ሽምግልናን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ልቤን የሚከነክነው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፥ ለሰው ሰላምን እናመጣለን ስንል መብቱን ያስቀረንበት እንደ ሆነ፥ ያመጣንለት ሰላም ሰላም ነውን? የሚል ነው። ጥያቄው ለማናቸውም ዓይነት ጠብ የሚገባ ቢሆንም ቅሉ፥ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል በሚነሣው ጠብ ነው፤ ይህ ሙግት የአንደኛው ወገን እንጀራ በሌላው ወገን እጅ ሳለ የሚደረግ ሙግት ነውና።

አባቶቻችን ለሕግ የነበራቸው ክብር ታላቅ ነበር። «በሕግ አምላክ ቢሉ፥ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። የተበደለ ድኻ በዳዩን በመንገድ አግኝቶ ይህን ቃል የጠራበት እንደ ሆነ፥ በዳዩ ባለጸጋ ቢሆንም ጥሎት ሊሄድ አይገባውም ነበር፤ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛም ዳኛ ሆኖ ነገራቸውን ይሰማ ነበር። ነገሩ የከበደ እንደ ሆነም ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ባንድ ቋጥረው፥ ተቈራኝተው ወደ ከፍተኛው ዳኛ ይሄዱ ነበር። የዚህ ልማድ ምስጢር ምንድን ነው? ቢሉ፥ ያልተካከሉ ሁለት ሰዎች በሕግ ፊት ባንድ ቋጠሮ ይተካከላሉ፤ ፍርድም እስኪገኝ ድረስ አንዱ ሌላውን ጥሎ ሊያመልጥ አይችልም ማለት ነው። ሽማግሌ ቢገባም የሚገባው እንዲህ ታስረው በቆሙት ሰዎች መካከል ነበር። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ፉሪ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳር፥ ስሙን በወሰደበት ተራራ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው አዲሱ የምድር ባቡር በ2009 ዓ.ም. በተመረቀ ጊዜ የአዲስ አበባው ጣቢያ ፉሪ ለቡ ተባለ። በዚያ አካባቢ እርሻ የነበረው ምድር እየዋለ እያደረ ቤት በቤት ሆኗል። ቤት በሚበዛበት አገርም ብሎኬት የሚያመርት፥ ብረት የሚበይድ፥ በርና መስኮት የሚሠራ ትንንሽ የሥራ ቤት ይበዛል። በእንደነዚህ ባሉት ቤቶች አሠሪው ራሱ ከሠራተኛው ጋራ ሲሚንቶ ተሸክሞ ይውላል፤ ባንድ ትሪ ይበላሉ፤ ለልጅ ክርስትና ይጠራራሉ። ውላቸውም በቃል ነው። በደኅናው ቀን ከዚህ የሚሻል አኗኗር የለም። በክፉው ቀን ግን ሁለቱም የሚይዙት ነገር ያጣሉ።

በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፥ ከእነዚህ የብሎኬት ማምረቻዎች ባንደኛው ሰባት ዓመት ያገለገለ አንድ ሠራተኛ ከሥራው ተባረረ። የማምረቻው መኪና ተቃጥሎ ነበርና፥ አሠሪው በቍጣ «ያቃጠልኸው አንተ ነህ፤ ከእንግዲህ ከደጄ አትድረስ» አለው፤ የዚያን ወር ደመወዙንም ለመኪናው ማሠሪያ ይሁን ብሎ ያዘበት። የተጻፈ ነገር አልነበረም። አሠሪውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ መኪናውን የገዛበት ብድር ገና ተከፍሎ ያላለቀ፥ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ሠራተኛው ወደ እኔና ወደ ሁለት ጎረቤቶቼ መጥቶ «ጋሼ፥ ከሥራዬ መልሱኝ እንጂ ሌላ ነገር አልሻም» አለን።

እኛም ሄደን አሠሪውን ብናነጋግረው «አሁን ልቤ ቈስሏል፤ ጥቂት ልረፍ» አለን። ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ሁለተኛ ብንሄድ «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን» አለን። ለእኛም መልካም መሰለን። ቍጣ በጊዜ ይበርዳል ብለን ሠራተኛውን «ልጄ፥ ታገሥ፤ ክስ የሚባል ነገር አታንሣ፤ ክስ የሰማ እንደ ሆነ ልቡ ይጠነክራል» አልነው። ይህን ቃል የተናገርሁት እኔ ነኝ። እርሱም ሽማግሌ አክባሪ ነበርና ታዘዘ። የዚያ ዓመት ፋሲካ በሚያዝያ 27 ቀን ዋለ። ዳግም ትንሣኤ አልፎ ወደ ማምረቻው ስንሄድ፥ በቦታው ሌላ ሰው ተቀጥሮ አገኘን።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከዐቅማችን በላይ መሆኑን ዐውቀን፥ ድኾችን ያለ ዋጋ ወደምታማክር ወደ አንዲት የሕግ ዐዋቂ ይዘነው ሄድን። እኛ ማን ማንን እንደ በደለ ልንተርክላት ስንጀምር፥ እርስዋ አስቀድማ የጠየቀችን ሌላ ነገር ነው። «አባቶቼ፥ ከሥራ የወጣው በምን ቀን ነው?» አለችን። ቀኑን ነገርናት። ቈጠረችና ጥቂት ዝም አለች። በኋላም «ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ክሱን ማቅረብ ያለበት በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ሦስቱ ወር ከፋሲካ በፊት አልቋል» አለች። ሠራተኛው ወደ እኔ ዘወር ብሎ፥ ለወቀሳ ሳይሆን እንደ ተገረመ ሰው ሆኖ፥ «ጋሼ፥ ታገሥ ብለውኝ ነበር እኮ» አለኝ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

አንባቢ ሆይ፥ ወራጅ ውሃ በሕግ አምላክ ይቆማል፤ ጊዜ ግን በሽማግሌ ቃል አልቆመልንም። ሕግ ዐዋቂዎች ይህን ነገር ይርጋ ይሉታል። ዛሬ በሚሠራበት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፥ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ በ3 ወር፥ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ሥራ ጥያቄ እንዲሁም ከሥራ መሰናበት የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። ጊዜው አልፎ ተከሳሹ ይርጋውን ያነሣ እንደ ሆነ፥ ፍርድ ቤቱ ማን እንደ በደለ ሳይመረምር ክሱን ይዘጋዋል። እንግዲህ የእኛ ሠራተኛ ሰባት ዓመት የቆመበትን ሥራ ያጣው በመኪናው ቃጠሎ ብቻ አይደለም፤ በእኛ ትዕግሥት ጭምር ነው።

ይህ ሕግ ለምን እንዲህ ጨከነ? የሚል ይኖራል። ነገር ግን ጭካኔ አይደለም። ወደ ሥራ መመለስ ማለት የተያዘ ቦታ ማስለቀቅ ነው፤ ጊዜው በረዘመ ቍጥር በቦታው የገባውን ሦስተኛ ሰው መጉዳት ይመጣል፤ አሠሪውም ሥራውን በምን ሰው እንደሚያቆም ሳያውቅ ዘመኑን ሊፈጽም አይገባውም። ደግሞም ሕጉ የይርጋውን ቍጥር የሚያቋርጥ በር ትቶልናል። ሠራተኛው የሥራ ክርክርን ለሚወስን አካል ወይም ሕጉን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ያቀረበ እንደ ሆነ፥ ወይም አሠሪው የጥያቄውን እውነተኛነት በግልጽ ያመነ እንደ ሆነ ይርጋው ይቋረጣል። በመንደር ሽማግሌ ፊት መነጋገር ብቻውን ግን ከእነዚህ መካከል አልተቈጠረም። በእንግሊዝ አገር ለአሠሪና ለሠራተኛ ጠብ በመንግሥት የተቋቋመ አስታራቂ ድርጅት አለ፤ ነገሩ ወደዚያ በቀረበ ጊዜ፥ ዕርቁ እስኪሞከር ድረስ የክሱ ጊዜ መቈጠሩን ያቆማል። ይህ የአባቶቻችንን ቋጠሮ ይመስላል፤ ሁለቱን አስሮ ካቆመ በኋላ ያስታርቃልና። እኛ ግን ቋጠሮውን ሳናስር ዕርቁን ጀመርን፤ ስለዚህም አንዱ ወገን አመለጠ፤ ማምለጡንም እርሱ ራሱ አላወቀውም።

ወደ አሠሪው ልመለስ። የሕግ ዐዋቂዋ በሁለቱም ፈቃድ ሁለቱን ባንድ አስቀምጣ ሕጉን በነገረቻቸው ጊዜ፥ እጅግ የተገረመው አሠሪው ነው። በንብረት ላይ ሆነ ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኛነት ጉዳት ያደረሰን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ለአሠሪ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ካለፉም ይህ መብቱ ይቀራል። ይርጋ ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለአሠሪውም አለበት ማለት ነው። የያዘውንም ደመወዝ ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ሳያዝ፥ ሠራተኛውም በጽሑፍ ሳይስማማ ሊቈርጠው አይገባውም ነበር፤ በሚገባ ቢቈረጥ እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶው ሊበልጥ አይችልም። ውሉ በቃል ቢሆንም፥ የውሉን ዋና ዋና ነገር ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት ነበረበት።

አሠሪው ይህን ሰምቶ አንገቱን ደፋ። በኋላም መኪናውን ያሠራበት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቃጠሎው ያረጀ ሽቦ ያመጣው ነው ብሎት እንደ ነበር ነገረን። ይህን ባወቀ ጊዜ ግን ሰውየውን ማባረሩ በሰፈሩ ተሰምቶ ነበርና፥ ቃሉን መመለስ አፈረ። እኔ ከዚህ የተማርሁት ነገር አለ። ምክንያትህን ጻፍ የሚለው ሕግ ወረቀት ለማብዛት የወጣ አይደለም። የተቈጣ ሰው ምክንያቱን በቃል ሲናገር አይመረምርም፤ ብዕር ያነሣ እንደ ሆነ ግን «ያቃጠለው እርሱ ነው» ብሎ ከመጻፉ በፊት እውነት ነውን? ብሎ ራሱን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ሕግ ራሱ ሽማግሌ ነው፤ ጠብ ከመነሣቱ በፊት የሚመጣ ሽማግሌ።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። መጀመሪያው ከካህናት ወገን የሚሰማ ነው። ባላጋራህ ወደ ዳኛ ሳያደርስህ በመንገድ ሳለህ ታረቅ የሚለውን የወንጌል ምክር ጠቅሰው፥ ክርስቲያን ከክሱ ዕርቁ ይሻለዋል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ምክር ፈጥነህ ታረቅ እንደሚል ማስተዋል ይገባል። ከጾም በኋላ፥ ከፋሲካ በኋላ አይልም። በብሉይም ሕግ የቅጥረኛ ዋጋ እስከ ማግሥቱ እንዳያድር ታዟል። እኛ ሽማግሎች የዘገየንበትን ዕርቅ በወንጌል ስም ልንሸፍነው አይገባንም።

ሁለተኛው፥ ሕግ ያወቀ ሠራተኛ ነገረኛ ይሆናል የሚል ነው። እኔ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። መብቱን የማያውቅ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ሁሉን ይተዋል፥ ወይ ሁሉን ይጠይቃል። የእኛ ሠራተኛ ጎረቤቶቹ ሲያጣፉት የሰባት ዓመት ደመወዝ ይገባሃል እያሉት ነበር። የሕግ ዐዋቂዋ ግን የሥራ ስንብቱን ቈጥራ አሳየችው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፥ ከዚያ በኋላ ለሚገኘው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ ማለት የ10 ቀን፥ በጠቅላላው የ90 ቀን። ከዚህም ጋራ የተያዘውን ደመወዙንና ያልተሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አገባችለት። ቍጥሩን ባወቀ ጊዜ ጩኸቱ ቀረ። የመብት ማወቅ ለጥያቄ ወሰን ያበጅለታል።

ሦስተኛው፥ ለሠራተኛ ምክር መስጠት ጽድቅ ነው፤ አሠሪን ማማከር ግን ባለጸጋን ማገዝ ነው፤ ሁለቱን የሚያማክርም ሁለት ምላስ ያለው ነው የሚል ነው። እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ጠበቃ ባንድ ነገር ለሁለት ተከራካሪ ሊቆም አይችልም፤ ይህ ክሕደት ነው። ሕጉን ለሁለቱ ማስተማር ግን ሌላ ነው። የሠራተኛ መብት በየቀኑ የሚፈጸመው በዳኛ እጅ አይደለም፤ በአሠሪው እጅ ነው። ደመወዙን የሚከፍል፥ የዓመት ፈቃዱን የሚሰጥ፥ የወለደችውን ሴት 90 ቀን የሚያሳርፍ አሠሪው ነው። እርሱ ካላወቀ ሠራተኛው መብቱን የሚያገኘው ተከራክሮ ብቻ ይሆናል፤ ተከራክሮ ብቻ የሚገኝ መብትም ለድኻ ግማሽ መብት ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1806 ዓ.ም. በሐር ሠሪዎችና በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ጠብ የሚያይ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበር። ዳኞቹ ከሙያው የተመረጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸውም መጀመሪያ ማስማማት፥ ያ ያልሆነ እንደ ሆነ መፍረድ ነበር። በመጀመሪያ የአሠሪዎቹ ወገን በቍጥር ይበልጥ ነበር፤ በ1848 ዓ.ም. ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። ይህ ዓይነት ጉባኤ እስከ ዛሬ በዚያ አገር ይሠራል። በእኛም አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ስለ ሥራ ውል ደንግጓል፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ከዚያም በ1968፥ በ1985፥ በ1996፥ በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠና ዘመን በተለዋወጠ ቍጥር ሕጉ እየታደሰ መጥቷል። ሠራተኛው የሥራ ክርክሩን ሲያቀርብ የዳኝነት ገንዘብ እንዳይከፍል ተደርጓል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ለድኾች ያለ ዋጋ የሚያማክሩበት ስፍራ አላቸው። የጎደለን እንግዲህ ሕግ አይደለም፤ ከሕጉ ጋራ የሚያገናኝ መካከለኛ ነው። በመንደር ደግሞ መካከለኛው እኛ ነን፤ ቄሱ፥ የእድር ዳኛው፥ ሽማግሌው።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። መብትን ያስቀረ ሰላም ሰላም ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ነው። ይቅር ማለት ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሰው ይቅር ሊል የሚችለው የራሱ የሆነውን፥ የራሱ መሆኑንም ያወቀውን ነው። የ90 ቀን ደመወዝ እንደሚገባው ዐውቆ፥ ለወዳጅነቱ ሲል እኩሌታውን የተወ ሠራተኛ ይቅር ብሏል፤ ምስጋናም ይገባዋል። የሚገባውን ሳያውቅ በሽማግሌ ግፊት የተወ ግን ይቅር አላለም፤ ተወሰደበት እንጂ። አሠሪውም እንዲሁ ነው። ሕግ የሚጠይቀውን ዐውቆ ከዚያ በላይ የጨመረ ቸር ነው፤ ሳያውቅ ጥቂት የወረወረ ግን ዕዳውን ምጽዋት አስመስሎ ከፈለ። እንግዲህ ሕግ የዕርቅ ጠላት አይደለም፤ ዕርቅ የሚሠራበት ሚዛን ነው።

ከዚህ በኋላ እኔና ሁለቱ ጎረቤቶቼ ሦስት ነገር ለራሳችን ሥርዐት አድርገናል። የሥራ ጠብ ይዞ የመጣን ሰው አስቀድመን ቀኑን እንጠይቀዋለን። ሽምግልና ከመጀመራችን በፊት ሠራተኛው ነገሩን በሚገባው መሥሪያ ቤት እንዲያስመዘግብ ወይም አሠሪው የሚያምነውን ጽፎ እንዲፈርም እናደርጋለን፤ ይህንም ለአሠሪው ክስ ሳይሆን የዕርቁ መያዣ መሆኑን እንነግረዋለን። ሁለቱም ሕጉ የሚሰጣቸውንና የሚጠይቃቸውን ከዐዋቂ ሰምተው ሳይመለሱ ታረቁ አንላቸውም። አዋጁ ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የሚቀጠሩትን የቤት ሠራተኞች ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋልና፥ ለእነርሱ የሽማግሌ ሸክም ይልቁን ይከብዳል። የደብር ዘበኛና ጸሐፊም ደመወዝ ጠባቂ ሰዎች መሆናቸውን ካህናት አባቶቻችን ይዘነጉታል ብዬ አላስብም።

ያ ሠራተኛ የተያዘውን ደመወዙንና የስንብቱን ገንዘብ ተቀበለ፤ አሠሪውም ይቅርታ ጠይቆት ተሳሳሙ። ወደ ሥራው ግን አልተመለሰም። ዛሬ በሌላ ሰፈር በቀን ዋጋ ይሠራል። በመንገድ ባገኘሁት ቍጥር ባርኔጣውን አውልቆ «ጋሼ፥ እንደምን ዋሉ?» ይለኛል፤ ቂም የለበትም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።